የጆሮ መሸፈኛ፣ ከባድ ብርድ ልብስ ወይስ ጸጥ ያለ ጥግ? ለኦቲስቲክ ሰው የሚስማማውን ለመምረጥ

ለኦቲዝም ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ በዝቷል። የጆሮ መሸፈኛ አለ፣ ከባድ ብርድ ልብስ አለ፣ በእጅ የሚነካካ ነገር አለ፣ የሚታኘክ የአንገት ሐብል አለ፣ ባለቀለም መነጽር አለ። ሁሉም ላይ "ያረጋጋል" ተብሎ ተጽፏል። ግን አንዱን ያረጋጋው ነገር ሌላውን ያስለቅሰዋል። ያው ሰው ራሱ ጠዋት የወደደውን ማታ ሲወረውረው ታያላችሁ።

ስለዚህ ከዕቃው በፊት ሰውየውን ማየት ይቀድማል። ምን እንደበዛበት ወይም ምን እንደጎደለው ከታወቀ ማወዳደሩ ብዙም አያስቸግርም። ካልታወቀ ግን ውዱም ርካሹም መሳቢያ ውስጥ ይከማቻል።

በዝቶበት ነው ወይስ አንሶት?

ሊዮ ካነር በ1943 ስለ ኦቲዝም በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ውስጥ የቤት ማሽኖች ድምፅ የሚያሸብራቸው ልጆች ነበሩ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እንዲያም ሆኖ የስሜት ህዋሳት ነገር ለብዙ ጊዜ ዳር ላይ ቆየ። ኦቲዝምን ለመለየት በሚያገለግለው ዲኤስኤም በተባለው መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ ከምልክቶቹ እንደ አንዱ የተቀመጠው በ2013 በወጣው 5ኛ እትም ነው። እዚያም ሁለቱም ተጠቅሰዋል። ትንሽ ነገር ሲበዛበት የሚቸገር አለ። ብዙ ነገር እየደረሰበት ልብ የማይል ደግሞ አለ።

ዊኒ ደን የተባለች የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮውን ራሱ እንዲያከናውን የሚያግዝ ሙያ) ምሁር በ1997 ይህን በሁለት ጥያቄ አቅልላ አስቀመጠችው። የሰውየው አእምሮ ነገሩን ለማስተዋል ምን ያህል ይፈልጋል? ትንሽ ወይስ ብዙ? ሁለተኛ፣ ሲሰማው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ይቀበላል ወይስ ራሱ እርምጃ ይወስዳል? ከሁለቱ መልሶች አራት ዓይነት ሰው ይወጣል። አንዱ ስሙ ተጠርቶ የማይሰማ ይመስላል። ሌላው እየዘለለ፣ እየነካካ፣ እየተሽከረከረ ስሜት ፍለጋ ይሄዳል። ሦስተኛው ሁሉም ይሰማዋል፣ ግን ተቀምጦ ይበሳጫል። አራተኛው ከክፍሉ ወጥቶ ይሄዳል።

አንድ ሰው በአንድ ሳጥን ብቻ አይገባም። ለድምፅ በጣም ስስ የሆነ ልጅ ጉልበቱ ተልጦ እየደማ ላያስተውል ይችላል። እያንዳንዱን ስሜት ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። አምስት ብቻ አይደሉም ደግሞ። ሚዛንና እንቅስቃሴን የሚነግረን የውስጥ ጆሮ አለ። እጅና እግራችን የት እንዳለ የሚነግሩን ጡንቻና መገጣጠሚያዎች አሉ። ረሃብን፣ ጥምን፣ ሽንት መምጣቱን የምናውቅበት የውስጥ ስሜትም አለ።

የሚያሳስተው ነገር ይህ ነው፦ ያው ድርጊት ከተቃራኒ ፍላጎት ሊመጣ ይችላል። ልጁ ጆሮውን ይዞ "ኡኡኡ" እያለ ያንጎራጉራል እንበል። ድምፅ የሚወድ ይመስላል። ምናልባት ግን የራሱን ድምፅ እንደ መጋረጃ እየተጠቀመበት ነው። የራሱን ድምፅ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም ያውቃል፤ የሌላው ግን ድንገት ነው የሚመጣበት። ለዚህ ልጅ የሚጮኽ መጫወቻ ብትገዙለት ነገሩ ይብሳል።

ስለዚህ ለተወሰኑ ቀናት ጻፉ። ከመቸገሩ በፊት ምን ነበር? ስንት ሰዓት ነበር? በልቷል? ተኝቷል? ከዚያ ምን አደረገ፣ ምንስ አበረደው? መናገር ወይም መጻፍ ወይም ሥዕል መጠቆም የሚችል ከሆነ ደግሞ እሱን ጠይቁት። ይህ ግልጽ ነገር ይመስላል፣ ግን የሚረሳው እሱ ነው። ጎልማሳ ኦቲስቲክ ሰዎች ስለ ራሳቸው ከማንም ባለሙያ በላይ ዝርዝር መረጃ አላቸው።

ቦታውን እንለውጥ ወይስ ዕቃ እንስጠው?

እኔ ሁልጊዜ ከቦታው እጀምራለሁ። መብራት ማጥፋት፣ ወንበሩን ከበር አካባቢ ማራቅ፣ ማንም የማያየውን ቴሌቪዥን መዝጋት፣ ሰው ከመብዛቱ በፊት መሄድ። አብዛኛው ምንም አያስወጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸክሙን ከሰውየው ላይ ያነሳል። ዕቃ ስንሰጠው "አንተ ተሸከመው" እያልነው ነው። እሱ ማስታወስ አለበት፣ እሱ ማጥለቅ አለበት፣ ሰው ሲያፈጥበትም የሚያፍረው እሱ ነው።

ቦታ መለወጥ ግን ወሰን አለው። መንገዱን፣ አውቶቡሱን፣ የሆስፒታል መጠበቂያውን ጸጥ ማሰኘት አይቻልም። እዚያ ዕቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፍባቸውን ቦታዎች (ቤት፣ ክፍል፣ ቢሮ) አስተካክሉ፤ ዕቃውን ከእጃችሁ ውጭ ለሆኑት ቦታዎች ያዙ።

ጸጥ ያለ ጥግም ከዚሁ ይመደባል። ለብቻ የተሠራ ክፍል አያስፈልገውም። ብርሃኑ የደበዘዘ፣ ሰው የማያልፍበት፣ ለስላሳ ነገር ያለበት ጥግ ይበቃል። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ለቅጣት አይውልም። "ሂድ እዚያ ተቀመጥ" ተብሎ የተላከበትን ቦታ ልጁ በሌላ ቀን ለእረፍት አይመርጠውም።

ለድምፅ፦ አራት አማራጮች

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

የስፖንጅ የጆሮ መሰኪያ በጣም ርካሹ ነው። በትክክል ከገባ ብዙ ድምፅ ይቀንሳል፣ ከሩቅም አይታይም። ችግሩ "በትክክል ከገባ" የሚለው ላይ ነው። ተጠቅልሎ፣ ጆሮ ወደ ላይ ተስቦ፣ እስኪነፋ ተይዞ መቆየት አለበት። ጆሮው ውስጥ ነገር መግባቱን የማይችል ሰው አይነካውም። የራስ ድምፅና ማኘክም በጭንቅላት ውስጥ ጎልቶ ይሰማል፤ ይህ አንዳንዱን ሰው ከውጭው ጫጫታ ይልቅ ያስጨንቀዋል። ነገር አፉ ውስጥ ለሚከት ትንሽ ልጅ ደግሞ አይሆንም፤ ያንቃል።

ማጣሪያ ያለው መሰኪያ ድምፁን አይደፍነውም፣ በአንጻራዊነት እኩል ዝቅ ያደርገዋል። ንግግር ይሰማል። ስብሰባ ላይ መቀመጥ ላለበት ጎልማሳ ወይም መምህሩን መስማት ላለበት ተማሪ ከስፖንጁ ይሻላል። በጣም ከባድ ጩኸት ላለበት ቦታ ግን ደካማ ነው።

ከላይ የሚጠልቀው መሸፈኛ፣ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት፣ ለልጆች የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በአንድ ሴኮንድ ይጠልቃል፣ በአንድ ሴኮንድ ይወልቃል። ባትሪ የለውም። ልጁ ራሱ ይቆጣጠረዋል። ጉድለቱ ጭንቅላት መጫኑና ማሞቁ ነው። በግልጽ መታየቱም ሁለት ፊት አለው። ለአንዱ "አሁን አታናግሩኝ" የሚል ምልክት ስለሆነ ይረዳዋል፤ በጓደኞቹ ፊት መለየት የማይፈልግ ጎረምሳ ግን ቦርሳው ውስጥ ደብቆት ይመለሳል።

ድምፅ አጥፊ ሄድፎን ከሁሉም ውዱ ነው። ሰው የሚጠብቅበትንም ያህል አይሠራም። አሠራሩን ካወቃችሁ ምክንያቱ ይገባችኋል። በማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ያዳምጥና ተቃራኒውን ሞገድ ፈጥሮ ያጣፋዋል። ይህ ለማይቋረጥ ዝቅተኛ ድምፅ፣ ማለትም ለሞተር፣ ለአየር ማቀዝቀዣ፣ ለአውሮፕላን ድንቅ ነው። ለሕፃን ለቅሶ፣ ለወደቀ ሳህን፣ ለደወል ግን ያን ያህል አይደለም። ኦቲስቲክ ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚያስበረግገው ደግሞ ይኸው ድንገተኛው ነው። አንዳንድ ሰው ሲያበራው ጆሮው ውስጥ የመታፈን ስሜትም ይሰማዋል። ሙዚቃ መስማት የሚያረጋጋው፣ በማሽን ጩኸት ውስጥ የሚሠራ ወይም ብዙ የሚጓዝ ጎልማሳ ከሆነ ግን ገንዘቡ አይቆጭም።

በአጭሩ፣ ድንገተኛ ድምፅ ለሚያስደነግጠው መሸፈኛ፣ እየሰማ መሥራት ላለበት ማጣሪያ ያለው መሰኪያ፣ የማይቋረጥ ዝቅተኛ ድምፅ ለሚያደክመው ድምፅ አጥፊ ሄድፎን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2003 በታተመ ሙከራ ሰዎች ለ2 ሳምንት ያለማቋረጥ የጆሮ መሰኪያ ሲያደርጉ ለድምፅ የነበራቸው ስስነት ጨመረ። ጆሮ ጸጥታን ሲለምድ ትንሹም ድምፅ ትልቅ ይሆንበታል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማድረግ አይመከርም። ይህን አንብባችሁ ግን ከልጁ ጆሮ ላይ እንዳትነጥቁ። ቀኑን ሙሉ የሚፈልገው ከሆነ ቤቱ ውስጥ እናንተ የማትሰሙት አንድ ነገር እየጮኸ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። መንገድ ሲሻገር ደግሞ መኪና መስማት እንዳለበት አትርሱ።

ልዩ ሙዚቃ አሰምቶ "ጆሮን ያስተካክላል" የሚባል ሕክምናም አለ። በ2011 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት ያወጣው ግምገማ ጥናቶቹን አይቶ ለኦቲዝም እንደሚሠራ በቂ ማስረጃ አላገኘም። እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም።

ለአካል ግፊት፦ ብርድ ልብስ፣ ሰደርያ፣ ጠባብ ልብስ ወይስ ሥራ?

ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች ለስለስ ያለ ንክኪ ያስበረግጋቸዋል፣ ጠንከር ያለ ግፊት ግን ያሳርፋቸዋል። ኦቲስቲክ የሆነችው የእንስሳት ሳይንቲስት ቴምፕል ግራንዲን በ1960ዎቹ ገና ወጣት ሳለች ለከብት መያዣ የሚያገለግል ማሽን አይታ ለራሷ የማቀፊያ ማሽን ሠራች። ከታሪኩ ሰው የሚያስታውሰው ማሽኑን ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን መቆጣጠሪያው በእጇ መሆኑ ነው። ምን ያህል እንደሚጫናት፣ መቼ እንደሚለቃት የምትወስነው እሷ ነበረች። የግፊት ዕቃ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ራሱ ማቆም ይችላል?

ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ላይ ጥሩ ሙከራ ተደርጓል። በ2014 በታተመው ጥናት እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው 67 ኦቲስቲክ ልጆች ከባዱንና ተራውን ብርድ ልብስ በየተራ ሞከሩ። የእንቅልፋቸው ርዝመት አልጨመረም፣ ቶሎ መተኛታቸውም አልተሻሻለም። ሆኖም ልጆቹም ወላጆቹም ከባዱን ይበልጥ ወደዱት። እንግዲህ "እንቅልፍ ያስተካክላል" ብላችሁ አትግዙት። ልጁ ከሥሩ ሲገባ ደስ የሚለው ከሆነ ግን ይህም ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

የክብደቱ መጠን የሰውነት ክብደት 10 በመቶ ይሁን ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ ልማዳዊ መነሻ ነው፣ ጠንካራ ጥናት የለበትም። ጥንቃቄው ግን ከመጠኑ ይበልጣል። ለሕፃን በፍጹም አይሆንም። በራሱ ገፍቶ መውጣት የማይችል፣ የመተንፈስ ችግር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሞከርም። ፊት አይሸፈንበትም። ልጅን አስሮ ለማስቀመጥ መጠቀም ደግሞ ግፍ ነው።

ክብደት ያለው ሰደርያ ከብርድ ልብሱ በላይ ይወራለታል፣ በተለይ ክፍል ውስጥ "ትኩረት ይሰጣል" እየተባለ። የተጠናው ግን ይህን አይደግፍም። በመጀመሪያ የምሰርዘው እሱን ነው። ከውስጥ የሚለበስ ጠበቅ ያለ የስፖርት ልብስ ከእሱ ቀላል ነው፣ ማንም አያይም፣ ካልተመቸም ይወልቃል።

ከሁሉም የምወደው ግን የማይገዛው ነው። መግፋት፣ መሳብ፣ ከባድ ነገር መሸከም፣ መቆፈር፣ ግድግዳ መግፋት፣ ሊጥ ማሸት። ጡንቻና መገጣጠሚያ ሲሠራ ያ የሚፈለገው ግፊት ከውስጥ ይመጣል። ልጁ ደግሞ "ሕክምና ላይ ነኝ" አይልም፣ መጽሐፍ ተሸክሞ እያገዘ ነው። ቁጭ ብሎ መቆየት ካለበት ሰዓት በፊት ይህን ማስቀደም ብዙ ዕቃ ያስቀራል።

እንቅስቃሴ፦ ዥዋዥዌ ወይስ ትራምፖሊን?

ወደፊትና ወደኋላ በዝግታ መወዛወዝ ብዙ ሰው ያቀዘቅዛል። መሽከርከርና መዝለል ግን ይቀሰቅሳል። ደብዘዝ ላለው ልጅ ጠዋት ትራምፖሊን ይጠቅመዋል፤ ከመኝታ በፊት ግን ራሳችሁን ትቀጣላችሁ። መሽከርከር ውጤቱ ዘግይቶም ስለሚመጣ ልጁ እየሳቀ ቢሆንም ፊቱ ሲገረጣ ወይም ሲያልበው አቁሙ።

በራሱ የሚወዛወዝ፣ እጁን የሚያራግብ ሰው ደግሞ የራሱን መሣሪያ አግኝቷል። ራሱን ካልጎዳ ምን ብለን እናስቆመዋለን? ራሱን የሚመታ ከሆነ ግን "እጅህን አውርድ" ማለት አይበቃም። ያው ስሜት የሚሰጥ፣ ግን የማይጎዳ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት። ሕመም ካለም መመርመር አለበት።

እጅና አፍ

በእጅ የሚነካካ ዕቃ ሲመረጥ ፈተናው ዓይን ነው። እጁ እየሠራ ዓይኑና ጆሮው ወደ ትምህርቱ ከሆነ ዕቃው ሥራውን እየሠራ ነው። ዓይኑ ዕቃው ላይ ከተተከለ መጫወቻ ሆኗል። መጫወቻ መሆኑ ኃጢአት አይደለም፣ ለእረፍት ሰዓት ይቀመጥ። የሚበራና የሚጮኽ ለክፍል አይሆንም፤ ድምፅ የሌለውና ኪስ የሚገባ ይሻላል።

ልብስና እርሳስ ለሚያኝክ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሲሊኮን አለ። ለስላሳውን ከመግዛታችሁ በፊት የሚነክስበትን ጉልበት እዩ፤ ጠንካራ ነካሽ ለስላሳውን ቆርጦ ሊውጠው ይችላል። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ሲሳብ የሚፈታ መቆለፊያ ይኑረው። ሲተኛም ይውለቅ።

ብርሃን

እዚህ ቦታ መለወጥ ከዕቃ በግልጽ ይበልጣል። የቆየ ዓይነት ባላስት (ወደ መብራቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ፍሎረሰንት በሴኮንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። አብዛኛው ሰው አያየውም፣ አንዳንዱን ግን ራሱን ያሳምመዋል። ርካሽ ኤልኢዲም፣ በተለይ ከማደብዘዣ ጋር ሲሆን፣ ተመሳሳይ ችግር ሊኖረው ይችላል። አምፖሉን መቀየር፣ ከላይ ያለውን አጥፍቶ የጠረጴዛ መብራት መጠቀም፣ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይሞከር። ውጭ ከፊቱ ጥላ ያለው ኮፍያና የፀሐይ መነጽር በቂ ናቸው። ተለክቶ በውድ የሚሸጥ ባለቀለም መነጽር ማስረጃው ደካማ ነው። ርካሽ ባለቀለም መነጽር መጀመሪያ ሞክሩ፤ ለውጥ ከሌለ እዚያው ይቁም።

ሽታ፣ ምግብና የውስጥ ስሜት

ለሽታ የሚገዛ ነገር ብዙም የለም። ሽቶውን ማቆምና መስኮት መክፈት ይቀላል። ምግብ ላይ ማስገደድ አይሠራም፤ የሚበላቸው ነገሮች እየቀነሱ ከሄዱ ወይም ክብደት ከቀነሰ ግን ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ረሃብና ሽንት የማያስታውቀው ሰው ላይ ሁለት መንገድ አለ። "ርቦሃል?" ብሎ መጠየቅ ወይም በሰዓት መሄድ። ጥያቄው እሱ የማይሰማውን ስሜት ስለሚጠይቅ መልሱ "አይ" ነው። በስልክ ማስታወሻ ወይም በሥዕል ሰሌዳ በተወሰነ ሰዓት ውሃ፣ ምግብ፣ መጸዳጃ ማለት ይሻላል። ለጎልማሳም ይሠራል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ያለምክንያት የሚመስል ንዴት አንዳንዴ ያልተጠጣ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ቴራፒ ወይስ ቤት ውስጥ ማስተካከል?

ሴንሰሪ ኢንተግሬሽን የሚባለው ቴራፒ መነሻው የጂን ኤይረስ ሥራ ነው፤ እሷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ነበረች። ሐሳቡ በዥዋዥዌ፣ በመውጣትና በንክኪ ጨዋታ አእምሮ ስሜትን ማደራጀት ይማራል የሚል ነው። ማስረጃው የተቀላቀለ ነው። በ2014 በ32 ልጆች ላይ የተደረገ ትንሽ ሙከራ ቤተሰቡ በመረጣቸው ግቦች ላይ መሻሻል አሳይቷል። በ2022 በእንግሊዝና በዌልስ ውጤቱ የወጣው 138 ልጆች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ግን ከተለመደው ድጋፍ የተሻለ ጥቅም አላገኘበትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2012 ወላጆች የማስረጃውን ማነስ እንዲያውቁ መክሯል።

ይህ ማለት ባለሙያ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጥሩ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ቤታችሁንና ክፍሉን አይቶ፣ የትኛው ስሜት እንደሚያስቸግር ለይቶ፣ በቀን ኑሮ ላይ የሚታይ ግብ ያስቀምጣል። "ጥርሱን ሳያለቅስ ይፋቅ" ግብ ነው። "ስሜቱ ይስተካከል" ግብ አይደለም፣ መቼ እንደተሳካ አታውቁም። ክፍያ ከመጀመራችሁ በፊት ግቡ ምንድን ነው፣ በስንት ሳምንት እናየዋለን፣ ለውጥ ከሌለስ ምን እናደርጋለን ብላችሁ ጠይቁ። ለመመለስ የሚያንገራግር ከሆነ ሌላ ፈልጉ። አቅም ውስን ከሆነ እኔ ገንዘቡን በየሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ላይ ከመጨረስ፣ አንድ ሁለቴ በደንብ ተገምግሞ ቤቱንና ትምህርት ቤቱን ማስተካከል ላይ አውለዋለሁ።

ስትሞክሩ

አንድ በአንድ ሞክሩ። ሦስት ነገር ባንዴ ከጀመራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም። አዲሱን ዕቃ በረጋ ሰዓት አስተዋውቁ፤ በጩኸቱ መሃል ያልለመደውን ነገር ጆሮው ላይ ማጥለቅ ሁለተኛ ጥቃት ነው የሚሆንበት። ከተቻለ ከመግዛታችሁ በፊት ተዋሱ። እንቢ ካለ ተቀበሉት፣ ሌላ ቀን አሳዩት።

የሚታየው ለውጥ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ቶሎ መረጋጋት፣ ከሥራ መልስ ለመተኛት አለመገደድ፣ አንድ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥ። እነዚህን ቁጠሩ። "ዝም አለ" የሚለውን ብቻ አትቁጠሩ፤ አንዳንዱ ሰው ሲበዛበት ይጮኻል፣ ሌላው ግን ይዘጋል፣ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ከሩቅ ሲያዩት የተረጋጋ ይመስላል።

ለወራት ደህና የነበረ ሰው በድንገት ጆሮውን መያዝ፣ ብርቱ ማኘክ ወይም ራሱን መምታት ከጀመረ ደግሞ አዲስ ዕቃ አትፈልጉ። ጆሮውን፣ ጥርሱንና ሆዱን በሐኪም አስመርምሩ።